በሰውነታችን መሐል የሚያልፉት 24 የመርፌ ነጥቦች፦ የቱን እንመን?

በፌስቡክና በቲክቶክ ደጋግሞ ብቅ የሚል አንድ ሥዕል አለ። የሰው ገላ ነው። ከታችኛው ከንፈር ሥር የሚነሳ መስመር በጉሮሮ፣ በደረትና በእምብርት አልፎ እስከ ብልት ይወርዳል። በመስመሩ ላይ ነጥቦች ተደርድረዋል። ከሥሩ የሚጻፈው ግን እንደለጣፊው ይለያያል። አንዱ «ይህቺን ነጥብ ተጫኑ፣ ጭንቀት ይለቃችኋል» ይላል። ሌላው «ማሕፀን ያሞቃል፣ ያስረግዛል» ይላል። አንዳንዱ ስልክ ቁጥርና ዋጋ ያስከትላል።

መስመሩን የሥዕሉ ለጣፊዎች አልፈጠሩትም። የቻይና ባህላዊ ሕክምና ረን ማይ ይለዋል። በአኩፓንክቸር፣ ማለትም በቀጫጭን መርፌ በሚሰጠው ሕክምና፣ ከዋነኞቹ 14 መስመሮች አንዱ ነው። 24 ነጥቦች አሉት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የነጥቦች መለኪያ ላይ እያንዳንዳቸው ቁጥርና ቦታ ተሰጥቷቸዋል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለዚህ ሥዕሉ እውነተኛ ነው። ከሥዕሉ ሥር የሚጻፈው ተስፋ ግን ለየብቻው መመርመር አለበት። ይህን የምጽፈው «አኩፓንክቸር ይሠራል ወይስ አይሠራም?» የሚለው ክርክር ስለሰለቸኝ ነው። በጅምላ ሲጠየቅ መልሱም የጅምላ ይሆናል። አንዱ ወገን ሁሉንም ያምናል፣ ሌላው ሁሉንም ይጥላል። በዚህ በአንድ መስመር ላይ ብቻ ግን በጥሩ ጥናት የተደገፈ ነገር አለ፣ በጥሩ ጥናት የወደቀ ተስፋም አለ፣ ሰው የሞተበት ነጥብም አለ።

አንድ ጋት ከእምብርት በታች

እስቲ አራት ጣታችሁን ግጠሙ። አያቶቻችን ጋት የሚሉት መለኪያ ነው። ሌባ ጣታችሁን እምብርታችሁ ላይ አድርጋችሁ ጋቱን ወደ ታች አሳርፉት። ትንሿ ጣት የምታበቃበት ቦታ ጓንዩዋን ይባላል። የረን ማይ 4ኛ ነጥብ ነው። የጋቱ እኩሌታ ላይ ደግሞ 6ኛው ነጥብ ቺሃይ አለ። «የሰውነት ጉልበት ማጠራቀሚያ» እየተባለ የሚነገርለት ይሄ ነው።

ቻይናውያኑ የሚለኩት ጹን በተባለ አሃድ ነው። አንድ ጹን የአውራ ጣት መገጣጠሚያ ስፋት ነው። አንድ ጋት ሦስት ጹን ይሆናል። ጣቱ የታካሚው የራሱ ጣት መሆን አለበት፤ በሐኪሙ ጣት ከተለካ ነጥቡ ይስታል።

ከዚህም የረቀቀ ነገር አላቸው። ከእምብርት እስከ ብልት አጥንት ያለው ርቀት ለማንም ሰው 5 ጹን ተብሎ ይከፈላል። ከእምብርት ወደ ላይ የደረት አጥንት እስከሚያልቅበት ደግሞ 8 ጹን ነው። ረጅምም አጭርም፣ አዋቂም ሕፃንም እኩል 5 እና 8 ክፍል አላቸው። የሚተልቀውና የሚያንሰው ክፍሉ ነው። ራጅ ባልነበረበት ዘመን ለሁሉም ገላ የሚሠራ ካርታ ለማውጣት ይህ ትልቅ ብልሃት ነበር። እኔን በጣም የሚያስደንቀኝም ይሄ ነው።

በዚህ ስሌት ሄዳችሁ የ8ቱን ጹን እኩሌታ ብትይዙ ጆንግዋንን ታገኛላችሁ። 12ኛው ነጥብ ነው። የሆድ ዕቃ መጽሐፍ ገልጣችሁ ብታዩ ጨጓራ እዚያው አካባቢ ነው። በሁለቱ ጡቶች መካከል፣ በአራተኛውና በአምስተኛው የጎድን አጥንት መሐል ባለው ክፍተት ትክክል፣ 17ኛው ነጥብ ዳንጆንግ አለ። አንገትና ደረት የሚገናኙበት ጎድጓዳ ላይ 22ኛው ቲያንቱ አለ። ከታችኛው ከንፈር ሥር ባለችው ስርጉድ ላይ 24ኛውና የመጨረሻው ቸንግጂያንግ ይገኛል። 1ኛው በብልትና በፊንጢጣ መካከል ስለሆነ ብዙዎቹ ባለሙያዎች እምብዛም አይነኩትም።

8ኛው እምብርቱ ራሱ ነው። እሱ ላይ መርፌ አይገባም። ይህ የድሮ ክልከላ ነው፣ እስከ ዛሬም ይከበራል። በመርፌ ፈንታ እምብርቱን በጨው ሞልተው በላዩ ላይ የአሪቲ ዘመድ የሆነ የደረቀ ቅጠል ያጤሳሉ። ሞክሳ ይባላል። ትኩስነቱ በጨው በኩል አልፎ ይሰማል። ቆዳ ሊያቃጥል ስለሚችል ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ካርታው በአንድ ቀን አልተሠራም

ብዙ ማስታወቂያ «የ5 ሺህ ዓመት ጥበብ» ይላል። የታሪኩ አካሄድ ግን ሌላ ነው፣ እንደኔ እንደኔ ከማስታወቂያውም ይበልጥ ይጥማል።

በ1973 በቻይና ቻንግሻ ከተማ፣ ማዋንግዱይ በተባለ ቦታ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ከተዘጋ መቃብር ውስጥ በሐር ላይ የተጻፉ የሕክምና ጽሑፎች ወጡ። ጽሑፎቹ 11 መስመሮችን ይዘረዝራሉ። የነጥብ ስም ግን የለባቸውም። መስመሩ ቀደመ፣ ነጥቡ በኋላ መጣ ማለት ነው። በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ሁዋንግፉ ሚ የተባለ ሊቅ 349 ነጥቦችን በስም ሰበሰበ። በ1027 ደግሞ በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ዋንግ ዌይዪ የተባለ የቤተ መንግሥት ሐኪም ሁለት የነሐስ ሰዎችን አሠራ። ነጥቦቹ በገላቸው ላይ ተበስተው ነበር። ቀዳዳዎቹ በሰም ተደፍነው ውስጡ ውሃ ይሞላ ነበር ይባላል። ተማሪ ለፈተና ቀርቦ መርፌውን ይሰካል። በትክክል ከሰካ ውሃው ይወጣል። የዋንግ ዌይዪ መጽሐፍ 354 ነጥብ ነበረው።

ረን ማይ ከ12ቱ መደበኛ መስመሮች እኩል ቦታ ያገኘው በ1341 ሁዋ ሾው በጻፈው መጽሐፍ ነው። ከዚያ በፊት በጀርባ በኩል ከሚሄደው ዱ ማይ ጋር «ልዩ መስመሮች» ከሚባሉት ስምንቱ ይመደብ ነበር። ከስምንቱ የራሳቸው ነጥብ ያላቸው እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። በዚህ ምክንያት 12ቱ 14 ሆኑ።

የራሷ የቻይናም እምነት ሁልጊዜ አንድ አልነበረም። በ1822 ንጉሠ ነገሥት ዳኦጓንግ አኩፓንክቸር ከቤተ መንግሥቱ የሕክምና ተቋም እንዲወጣ አዘዘ። በ1929 ደግሞ የባህል ሕክምናን ጨርሶ ለማስቀረት በመንግሥት ደረጃ ተሞክሮ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ወጥ ትምህርት በዋናነት ከ1950ዎቹ ወዲህ የተደራጀ ነው። ምዕራቡ ዓለም ያበደለት በ1971 ነው። የኒውዮርክ ታይምሱ ጋዜጠኛ ጄምስ ሬስተን ቤጂንግ ውስጥ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ሕክምናው ሲያልቅ ሆዱ ተነፋ። በሦስት መርፌ ተረዳና ጻፈው። መርፌዎቹ የገቡት ክርኑ ላይና ከጉልበቱ በታች ነበር። ሆዱ ላይ አንድም አልገባም።

የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ከመውጣቱ በፊት የቻይና፣ የጃፓንና የኮሪያ ባለሙያዎች ከ361ዱ ነጥቦች በ92ቱ ቦታ ላይ ልዩነት ነበራቸው። ከዓመታት ስብሰባ በኋላም 6 ነጥቦች ላይ ሳይስማሙ ቀሩ። ቻይና ራሷ በ2006 በአገር አቀፍ መለኪያዋ ቁጥሩን 362 አድርሳዋለች። 349፣ 354፣ 361፣ 362። ካርታው በሰዎች ምልከታና ስምምነት እያደገ የመጣ ነው። ይህን ማለት ሕክምናውን ማጣጣል አይደለም። በሰው የተሠራ ነገር ግን በሰው ይፈተናል።

መሐል ለመሐል ለምን?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር ነው።

አናቶሚስቶች ገላን ቢከፍቱ «ረን ማይ» የሚባል ቱቦ አያገኙም። ቺ የሚባለው ኃይል የሚፈስበት የተለየ ሥርም በቅድ አልታየም። መሐል ላይ የሚገኘው የሆድ ጡንቻዎች የሚገናኙበት ነጭ ጅማት ነው። የደም ሥር ስለሚያንስበት ቀዶ ሐኪሞች ሆድ ለመክፈት ይመርጡታል።

ሕመም ግን ይህን መስመር ያውቀዋል። ፅንስ ሲፈጠር አንጀት የሚጀምረው መሐል ላይ እንዳለ አንድ ቱቦ ሆኖ ነው። ነርቮቹም ከሁለቱም ጎን ይመጡለታል። በዚህ የተነሳ የሆድ ዕቃ ሲታመም ሕመሙ መጀመሪያ የሚሰማን መሐል ላይ ነው። የጨጓራ ሕመም ከደረት አጥንት ሥር ይሰማል። የትንሹ አንጀት በእምብርት ዙሪያ ይሰማል። የፊኛና የማሕፀን ሕመም ከእምብርት በታች ይሰማል። ትርፍ አንጀት ያመመው ሰው መጀመሪያ እምብርቱን የሚይዘው ለዚህ ነው፤ ወደ ቀኝ የሚወርደው በኋላ ነው።

አሁን የቻይናዎቹን ካርታ እዩት። ለ12ቱ የውስጥ አካላት በፊት በኩል «የመታያ ነጥብ» ይሰጣሉ። ከ12ቱ 6ቱ ያሉት በረን ማይ ላይ ነው። የጨጓራው 12ኛው ላይ፣ ከእምብርት በላይ። የፊኛው 3ኛው ላይ፣ ከብልት አጥንት አንድ ጹን ከፍ ብሎ። የልብ 14ኛው ላይ፣ ልክ ከደረት አጥንት ጫፍ ሥር። እንደሚመስለኝ እነዚያ ሐኪሞች ሕመምተኛው እጁን የሚያሳርፍበትን ቦታ ለብዙ ትውልድ በጥንቃቄ አይተው መዝግበዋል። ስለ ቺ የሰጡት ማብራሪያ ባይያዝ እንኳ ምልከታው ዋጋ አለው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) አንዳንድ ጊዜ እንደ ጨጓራ ሆኖ ከደረት አጥንት ሥር ይሰማል። በተለይ ሴቶች፣ ስኳር ያለባቸውና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ። ድንገት የመጣ፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ያለው ሕመም ከሆነ ነጥብ ሲጫኑ ጊዜ ማጥፋት አደገኛ ነው። ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ልጅ የሚፈልጉ ሴቶች

የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ይሄ ነው።

የቻይናው ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ፣ ሁዋንግዲ ኔይጂንግ፣ የሴትን ዕድሜ በሰባት በሰባት ዓመት ይከፍላል። በ14 ዓመቷ ረን ማይ ይከፈታል፣ የወር አበባ ይመጣል፣ መውለድ ትችላለች ይላል። በ49 ዓመቷ ረን ማይ ይደክማል፣ የወር አበባም ይቆማል። አውሮፓውያኑም መስመሩን «የፅንስ መስመር» ብለው ተረጎሙት። እርጉዝ ሴት ሆድ ላይ ከብልት አጥንት ወደ እምብርት የሚወጣ የጠቆረ መስመር መታየቱ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አሳማኝ ያስመስለዋል። ይህ ግን የሆርሞን ለውጥ ቆዳን ሲያጠቁር የሚመጣ ነው።

ከዚህ ተነስቶ 3ኛው፣ 4ኛውና 6ኛው ነጥብ ለመካንነት ሕክምና በመላው ዓለም ይወጋሉ። ይሠራሉ ወይ?

በ2017 ጃማ በተባለው የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ አንድ ትልቅ ጥናት ወጣ። የተደረገው በራሷ በቻይና ነው። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ያለባቸው፣ እንቁላላቸው በወጉ የማይለቀቅ 1,000 ሴቶች ተሳተፉ። ለግማሾቹ ትክክለኛው አኩፓንክቸር ተሰጠ። ከተወጉት ነጥቦች መካከል የረን ማይ 3ኛውና 6ኛው አሉ። ለሌሎቹ ትከሻና ክንድ ላይ፣ ነጥብ ባልሆነ ቦታ፣ መርፌ ለይስሙላ ብቻ ገባ። ከሁለቱም ወገን ግማሾቹ ክሎሚፊን የተባለውን እንቁላል የሚያስለቅቅ ኪኒን ወሰዱ። የቀሩት መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ወሰዱ። በሳምንት ሁለቴ፣ እስከ አራት ወር ቀጠለ።

ውጤቱ እንዲህ ነው። ትክክለኛ መርፌ ካገኙት 21.8 በመቶው ወለዱ። የይስሙላ መርፌ ካገኙት 22.4 በመቶው ወለዱ። ልዩነት የለም ማለት ነው። ኪኒኑን ከወሰዱት ግን 28.7 በመቶው ወለዱ፣ ካልወሰዱት 15.4 በመቶው ብቻ። ርካሹ ኪኒን ዕድሉን ወደ እጥፍ አስጠጋው። መርፌው ምንም አልጨመረም።

አንድ ዓመት ቆይቶ በዚያው መጽሔት ላይ ሌላ ጥናት ወጣ። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ አይ ቪ ኤፍ፣ ማለትም እንቁላሉን ከማሕፀን ውጭ የማዳቀል ሕክምና፣ የሚያደርጉ 848 ሴቶች ላይ ነው። በሕይወት ልጅ የወለዱት አኩፓንክቸር ካገኙት 18.3 በመቶ፣ ከይስሙላዎቹ 17.8 በመቶ ነበሩ። አሁንም ልዩነት የለም።

ይህን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ልጅ ያጣች ሴት በኛ ማኅበረሰብ ውስጥ የምትሸከመውን ሁሉም ያውቀዋል። አማቷ ትጠይቃለች፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ በየበዓሉ «ዓመት ድገሚ፣ ልጅ ታቀፊ» ይባላል። እንዲህ ሆድ በባሳት ሰው ፊት «ማሕፀንሽ ቀዝቅዟል፣ ነጥብሽን እከፍትልሻለሁ» ማለትና በየሳምንቱ ገንዘብ መቀበል በጣም ያናድደኛል። ከገንዘቡ የሚብሰው ጊዜው ነው። ከ35 ዓመት በኋላ እያንዳንዱ ወር ዋጋ አለው። አንድ ዓመት በመርፌ ያለፈች ሴት ያንን ዓመት መልሳ አታገኘውም።

ደግሞ አስተውሉ፣ በዚህ መስመር ሥዕል ላይ ሁልጊዜ የምትታየው ሴት ናት። ልጅ ካልመጣባቸው ጥንዶች ግማሽ ገደማ በሚሆኑት ላይ ግን የወንዱም ድርሻ አለበት። የባል የዘር ፈሳሽ ምርመራ ቀላልና ርካሽ ነው። ሚስት ሆዷን ስትወጋ ከርማ ባል አንድ ቀን ሳይመረመር መቅረቱ ልክ አይደለም። መጀመሪያ ሁለታችሁም ተመርመሩ። የታወቀው ሕክምና ይጀመር። ከዚያ በኋላ መርፌው ጭንቀቴን ያቀልልኛል የምትል ካለች የራሷ ምርጫ ነው። ሰላሳ ደቂቃ ጋደም ብሎ ማረፍም የራሱ ጥቅም አለው። «ያስረግዛል» ተብሎ ግን መሸጥ የለበትም።

ጨጓራው ላይ ነገሩ ይለያል

ከእምብርት ወደ ላይ ስንወጣ መልሱ ይቀየራል።

ጥቂት በልተው ቶሎ የሚጠግቡ፣ ከምግብ በኋላ ሆዳቸው ተነፍቶ የሚከብዳቸው፣ በኢንዶስኮፒ ታይተው ግን ቁስል ያልተገኘባቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ሕክምናው አስቸጋሪ ነው። በ2020 አናልስ ኦፍ ኢንተርናል ሜዲስን በተባለ መጽሔት ላይ በ278 እንዲህ ዓይነት ሕመምተኞች ላይ የተደረገ የቻይና ጥናት ወጣ። በአራት ሳምንት 12 ጊዜ ተወጉ። ከነጥቦቹ መካከል የረን ማይ 6ኛው፣ 12ኛውና 17ኛው ነበሩ። ትክክለኛውን ካገኙት 83 በመቶው ተሻላቸው። ነጥብ ባልሆነ ቦታ በጥቂቱ ከተወጉት ደግሞ 51.6 በመቶው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ሕክምናው ካቆመ በኋላም ለሦስት ወር ቆየ።

አንድ ጥናት ሁሉን አይዘጋም። የወጋው ሰው የትኛው ትክክለኛ የትኛው የይስሙላ እንደሆነ ያውቃል፣ ይህ ብቻውን በታካሚው ላይ ተጽዕኖ አለው። ደግሞ 51.6 በመቶውን አትለፉት። ነጥብ ሳይነካ የተሻለው ሰው ቁጥር ከግማሽ በላይ ነው። በጀርመንም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2007 በወጣው ጥናት 1,162 የጀርባ ሕመምተኞች ተሳትፈው ነበር። ትክክለኛ መርፌ ካገኙት 47.6 በመቶው፣ የይስሙላ ካገኙት 44.2 በመቶው፣ በተለመደው ሕክምና ደግሞ 27.4 በመቶው ብቻ ተሻላቸው። መርፌ መወጋቱ፣ ጊዜ ሰጥቶ የሚያዳምጥ ሰው ማግኘቱና እድናለሁ ብሎ መጠበቁ አንድ ላይ ይሠራሉ። የነጥቡ ትክክለኛ ቦታ በጀርባው ጥናት ላይ የጨመረው ግን ጥቂት ነው።

እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ሐኪም ያየውና ቁስልም ዕጢም የሌለበት የሆድ መነፋት ላለው ሰው፣ ሠልጣኝ ባለሙያ ካገኘ፣ አኩፓንክቸር መሞከር ምክንያታዊ ነው። ክብደት እየቀነሰ ላለ፣ ደም ለሚያስመልሰው ወይም ሰገራው ለጠቆረ ሰው ግን ቅድሚያ ምርመራ ነው።

እኛ ዘንድ እንዴት ደረሰ?

ኢትዮጵያ ውስጥ የቻይና ሕክምና ቡድኖች ከ1974 ጀምሮ እየተፈራረቁ ያገለግላሉ፤ የሚመጡት ከሄናን ክፍለ ሀገር ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል በቻይና ድጋፍ ከተሠራ ወዲህ ብዙ ሰው መርፌውን በቅርብ አይቶታል። ዋግምትና መተኮስን ለሚያውቅ ሕዝብ ነገሩ ባዕድ አልሆነበትም።

አሜሪካ ያላችሁ አንድ ነገር እወቁ። ለአረጋውያን የሚሆነው የመንግሥት መድን ሜዲኬር ከጥር 2020 ጀምሮ አኩፓንክቸር ይከፍላል። የሚከፍለው ግን ለረጅም ጊዜ ለቆየ የታችኛው ጀርባ ሕመም ብቻ ነው። በ90 ቀን 12 ጊዜ፣ መሻሻል ከታየ በዓመት እስከ 20። ለመካንነት ወይም ለሆድ አይከፍልም። «ሜዲኬር ፈቅዶታል» ብሎ ሌላ ነገር የሚሸጥላችሁ ካለ ውሸት ነው።

የዓለም ጤና ጉባኤም በ2025 እስከ 2034 የሚዘልቅ የባህል ሕክምና ስትራቴጂ አጽድቋል። አገሮች የባህል ሕክምናቸውን በማስረጃ እንዲያጠኑና ቁጥጥር እንዲያበጁለት ይጠይቃል። መልካም ጅምር ነው። ቁጥጥሩ ከወረቀት ወርዶ የመርፌው ጫፍ ካልደረሰ ግን ለታካሚው ምንም አይለወጥም። ለምን እንደምል 17ኛው ነጥብ ያስረዳል።

ደረት ላይ ያለው ነጥብ

ዳንጆንግ ለጭንቀት፣ ለሳልና ለትንፋሽ ማጠር ይመከራል። ነጥቡ በደረት አጥንት ላይ ስለሆነ አደጋ የሌለው ይመስላል። ከሥሩ አጥንት አለ፣ መርፌ አጥንት አይበሳም ይባላል።

አንዳንድ ሰው ግን ሲወለድ ጀምሮ የደረት አጥንቱ መሐል ላይ ቀዳዳ አለው። አጥንቱ በፅንስ ጊዜ ከሁለት ወገን መጥቶ ሲገጥም ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ የቀረ ነው። አያምም፣ በመዳሰስም አይታወቅም፣ ባለቤቱ ዕድሜ ልኩን ሳያውቅ ይኖራል። በብዙ ጥናቶች ከ100 ሰው ከ5 እስከ 8 በሚደርሱት ላይ ይገኛል። በኬንያ በ80 የደረት አጥንቶች ላይ በተደረገ ጥናት ደግሞ 11 ላይ ተገኝቷል። ጎረቤታችን ናት፣ ቁጥሩ ለኛም ያሳስባል። ቀዳዳው የሚገኘው በአብዛኛው በታችኛው የደረት አጥንት ክፍል፣ ከዳንጆንግ ብዙም ሳይርቅ ነው። ከኋላው ልብ አለ።

በ1995 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ከኖርዌይ የመጣ አንድ ዘገባ አትሟል። አንዲት ሴት ዳንጆንግ ላይ ተወጋች። መርፌው በዚያ ቀዳዳ አልፎ ልብ ደረሰ። ልብን በሸፈነው ከረጢት ውስጥ ደም ተጠራቅሞ ልቧን አፈነውና ሕይወቷ አለፈ። እንዲህ ያለ አደጋ በጣም ጥቂት ነው። ከአኩፓንክቸር ከባድ ጉዳቶች ይበልጥ የሚታወቀው ሳንባ ተበስቶ አየር መግባቱ ነው፤ እሱም ቢሆን ከሚወጋው ሰው ብዛት አንጻር ጥቂት ነው። ሁለቱንም ማስቀረት ይቻላል።

በወጉ የተማረ ባለሙያ ዳንጆንግን ሲወጋ መርፌውን አጋድሞ ከቆዳ ሥር ብቻ ያስኬደዋል። ጥልቀቱ ከግማሽ ጹን አያልፍም። ሆድ ላይ ከመውጋቱ በፊት ሽንት እንድትሸኑ ይጠይቃል፣ ምክንያቱም የሞላ ፊኛ ወደ 3ኛው ነጥብ ከፍ ብሎ ይመጣል። እርጉዝ መሆናችሁን፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት መውሰዳችሁን ይጠይቃል። እርጉዝ ከሆናችሁ የታችኛውን ሆድ ነጥቦች አይነካም። መርፌው ከታሸገ ወረቀት ፊታችሁ ይወጣል፣ ከአንዴ በላይም አያገለግልም።

እነዚህን ካልጠየቀ እናንተ ንገሩት። ደረታችሁ ላይ መርፌውን ቀጥ አድርጎ ሊሰካ ከመጣ ግን እጁን ያዙትና አስቁሙት።